ዘራፍ፣ የባሕር አንበሳው ጀግና!

ድሮ አንበሳ የገደለ ጎፈር ደፍቶ ይሸልል ነበር። ዛሬ ጀግና ጠፋ የሚል ካለ፣ ካሊፎርኒያ ሄዶ የሳንዲያጎን የላ ሆያ ዳርቻ ይጎብኝ። እስከ 350 ኪሎ ከሚመዝን የባሕር አንበሳ አጠገብ ቆሞ ሰልፊ የሚነሳ ጀግና ሞልቷል። በፉከራ ወግ ጀርባ መስጠት ነውር ነበር። በሰልፊ ወግ ግን ግዴታ ነው። ጀግናው ጥርሱን ያሳያል። አውሬውም ጥርሱን ያሳያል፤ እሱ ግን እየሳቀ አይደለም።

ምርምራቸውም ይደነቃል። ጆሮው ወጣ ያለውና ቆሞ የሚራመደው የባሕር አንበሳ፣ ጆሮው የማይታየውና በሆዱ የሚሳበው ደግሞ ዘመዱ «ሲል» (seal) ነው እያሉ የሚጨነቁ ሰዎች አሉ። ጀግናችን ለዚህ ጊዜ የለውም። «ሞቷል እንዴ?» ይልና ጠጠር ይወረውራል። አልሞተም፤ ተኝቶ ነበር። አሁን ነቅቷል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ርኅራኄያቸው ነው። ግልገል ብቻዋን ተኝታ ካዩ «ውይ፣ እናቷ ጥላት ሄደች!» ብለው ይከቧታል። እናት የሄደችው ዓሣ ልታድን ነው። ስትመለስ ልጇ በሰው ተከባለች፤ ትፈራና ባሕሩ ውስጥ ትቀራለች። ጀግኖቹ እስኪመሽ አይነቃነቁም። የሙት ልጅ ብለው የጀመሩትን ሳያሳኩ አይሄዱም።

የእኛም ሰው አልቀረበትም። ከአገር ቤት እናት ስትመጣ ወደዚያው ነው።

«እማዬ፣ ትንሽ ጠጋ በይ!»

«ኧረ ልጄ፣ ይሸታል!»

«ሽታው ፎቶ ላይ አይወጣም!»

ይህን ሁሉ ጀግንነት የሚያደናቅፍ ሕግ መኖሩ ያሳዝናል። አሜሪካ በ1972 ባወጣችው ሕግ እነዚህን እንስሳት መረበሽ ክልክል ነው። ባለሙያዎችም ወደ 45 ሜትር ራቁ ይላሉ። ከ45 ሜትር የተነሳ ፎቶ እኮ ድንጋይ ነው የሚመስለው! ከተማዋም በ2023 የባሕር አንበሶቹ የሚያርፉበትን ፖይንት ላ ሆያ የተባለ ቋጥኛማ ዳርቻ ዓመቱን ሙሉ ለሰው እንዲዘጋ ወሰነች። እዚያው አጠገብ በ1931 ለሕፃናት መዋኛ ተብሎ የተሠራ ዳርቻ አለ። እሱንም ሲሎች ወርሰውታል። በመውለጃቸው ወቅት፣ ከዲሴምበር 15 እስከ ሜይ 15 ድረስ፣ ሰው አሸዋውን አይረግጥም። አምስት ወር ሙሉ! የእኛ አራስ እንኳ በ40፣ ቢበዛ በ80 ክርስትና አስነስታ ትወጣለች።

ሕግ አክባሪ ነኝ ባይ ፈሪም አይጠፋም። ባይኖኩላሩን ይዞ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይውላል። እናቲቱ ከባሕር ወጥታ ልጇን በድምፅና በሽታ ስትለይ፣ ከዚያም ስታጠባ ያያል። ማንም አልሸሸውም፣ ማንም አልነከሰውም። ታዲያ ምን ዋጋ አለው? ፎቶው ላይ እሱ የለበትም!