ከምልክቱ በፊት የተገኘበት ቦታ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 የእስራኤል የቅርስ ባለሥልጣን አንድ የወርቅ ቀለበት ለጋዜጠኞች አሳየ። ቀለበቱ ስምንት ማዕዘን አለው። አረንጓዴ ፈርጥ ተሰክቶበታል። ፈርጡ ላይ አጭር ቀሚስ የለበሰ ወጣት እረኛ፣ በግ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ተቀርጿል። የተገኘው በቂሣርያ ባሕር ዳርቻ ውሃ ውስጥ፣ ከዛሬ 1700 ዓመት ገደማ በፊት ከተሰበረ መርከብ ዕቃ መካከል ነው።

የዜናው ርዕስ በየቋንቋው ተመሳሳይ ነበር። የጥንት ክርስቲያኖች ቀለበት ተገኘ፣ ኢየሱስ መልካም እረኛ ሆኖ የተቀረጸበት! ደስታው ይገባኛል። ሁላችንም ያን ሥዕል እያየን ነው ያደግነው። ግን ርዕሱ ከዕቃው ቀድሞ ሮጧል ባይ ነኝ። ለአንድ ጥንታዊ ጌጥ ዋናው ምስክር የተቀረጸበት ምልክት አይደለም። የት ተገኘ? አብሮት ምን ነበር? ማን አወጣው፣ እንዴት አወጣው? ትልቁ ወሬ ያለው እዚያ ነው። እኛ ግን ምልክቱን አይተን ፍርዱን እንሰጥና ወደሚቀጥለው ዜና እናልፋለን።

እስቲ ከቀለበቱ ጋር የወጣውን እንይ። ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ነበሩ። የሮም መንግሥት ምልክት የሆነው ንስር በትንሹ በነሐስ ተሠርቶ ተገኝቷል። የቀልድ ጭንብል ያጠለቀ የሮማ ተዋናይ ምስልም ነበር። ክራር የተቀረጸበት ቀይ የቀለበት ፈርጥ ደግሞ አለ። ይቺን ክራር አይሁዳዊ ቢያያት የዳዊት ናት ይላል። ግሪክ ቢያያት የአፖሎ ናት ብሎ ይከራከራል። የቅርስ ባለሥልጣኑ ራሱ ሁለቱንም ነው የጠቀሰው። ለክራሯ ሁለት ባለቤት ከተፈቀደላት ለእረኛውስ ለምን አንድ ብቻ እንሰጠዋለን?

በግ የተሸከመ እረኛ ክርስትና ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የታወቀ ሥዕል ነው። ግሪኮች ሄርሜስ የሚሉትን አምላካቸውን እንዲህ አድርገው ይቀርጹት ነበር። ሮማውያን ደግሞ እረኛን የገጠር ሰላምና የደግነት ምልክት አድርገው ወደዱት፤ ባለጸጎቹ በድንጋይ የሬሳ ሣጥናቸው ላይ ሳይቀር ያስቀርጹት ነበር። ክርስቲያኖችም ተቀበሉት። ሮም ከተማ ሥር ባሉት የመቃብር ዋሻዎች ደጋግመው ሣሉት። በሶርያ ዱራ ዩሮፖስ በምትባል ከተማ፣ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በነበረ የጥምቀት ክፍል ውስጥ እረኛው ከመጠመቂያው በላይ ይታያል። እዚያ ግን ማንም አይጠራጠርም። ለምን ቢባል፣ ሥዕሉ ያለበት ቦታ የጥምቀት ክፍል ነዋ!

ለቂሣርያው ቀለበት ጥሩ ጠበቃ አይጠፋም፣ ይህንም መናገር ተገቢ ነው። ከተማዋ ቀልድ አይደለችም። ጴጥሮስ መቶ አለቃውን ቆርኔሌዎስን ያስጠመቀው እዚያ ነው። የኛን ጃንደረባ በጋዛ መንገድ ያጠመቀው ፊልጶስም በየከተማው እየሰበከ የደረሰው ቂሣርያ ነው፤ ኋላም ቤቱ እዚያ እንደነበር የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ታላቁ መምህር ኦሪጀን እዚያ ያስተምር ነበር። ስለዚህ የቀለበቱ ባለቤት ክርስቲያን ነበር ቢባል በጣም ያስኬዳል። የሚያስኬድና የተረጋገጠ ግን ለየቅል ናቸው።

ቀለበት በዚያ ዘመን ፊርማ ነበር። ደብዳቤ ይታተምበታል፣ የዕቃ ቤት በር ይታሸግበታል። እ.ኤ.አ. 200 አካባቢ የጻፈው የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ ስለዚህ ጉዳይ ለምእመናኑ ግልጽ ምክር ሰጥቷል። በማኅተማችሁ ላይ ርግብ ይሁን፣ ወይም ዓሣ፣ ወይም በነፋስ የሚከንፍ መርከብ፣ ወይም ክራር፣ ወይም የመርከብ መልህቅ ይላል። የጣዖት ፊት አይሁን። ሰላምን የሚከተል ሰው ሰይፍና ቀስት አያስቀርጽ። በመጠን የሚኖር ሰውም የመጠጥ ጽዋ ይቅርበት። ደስ የሚለው ነገር፣ ቀሌምንጦስ ምንጩን አልደበቀም። ክራር የፖሊክራጥስ፣ መልህቅ የሴሌውቆስ ማኅተም እንደነበር ራሱ ያነሳል። ሁለቱም ከክርስቶስ በፊት የነበሩ የአሕዛብ ገዢዎች ናቸው።

ይህን ምክር ልብ በሉት። ቀሌምንጦስ አዲስ ምልክት ፍጠሩ አላለም። ገበያ ላይ ካለው የማያሳፍራችሁን ምረጡ ነው ያለው። ፈርጥ ቀራጩ ያው ነው፣ ሱቁም ያው። መርከቧን ዛሬ ነጋዴ ይገዛታል፣ ነገ ክርስቲያን ይገዛታል። ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብቶ የአንገት መስቀል ከሚገዛው ሰው መካከል አጥባቂው፣ ለፋሽን የሚፈልገው፣ ለውጭ እንግዳ ስጦታ የሚወስደው የትኛው እንደሆነ መስቀሉን አይቶ መለየት እንደማይቻለው ማለት ነው። የገዢውን ልብ ድንጋዩ አይናገርም።

መስቀልስ? በቀሌምንጦስ ዝርዝር ውስጥ የለም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት መቶ ዓመታት በጌጥ ላይ እጅግ ብርቅ ነው። ሰዉ በየመንገዱ ዳር ባሪያና ወንበዴ ሲሰቀል እያየ ነው የሚኖረው። የማሰቃያ እንጨት በወርቅ አሠርቶ ጣት ላይ ማድረግ ያን ጊዜ ማንም በቀላሉ የሚያስበው ነገር አልነበረም። ነገሩ የተለወጠው ቆስጠንጢኖስ ከነገሠ በኋላ ነው። እሱ እንኳ ያስቀደመው መስቀሉን ሳይሆን የክርስቶስን ስም የመጀመሪያ ሁለት ፊደላት የያዘውን ምልክት ነው። በሳንቲም ላይ መስቀልን በግልጽ ካስቀመጡት ከመጀመሪያዎቹ ነገሥታት አንዱ የአክሱሙ ኢዛና ነው፤ ቀድሞ ጨረቃና ክብ በነበሩበት ቦታ ነው የተካው። ስለዚህ "የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የመስቀል ቀለበት" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ እጃችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።

ምልክቱ ፍጹም ግልጽ በሆነበት ጊዜ እንኳ ነገሩ አይጠራም። በደቡብ እንግሊዝ ሲልቼስተር አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1785 ከእርሻ መሬት የወጣ ወፍራም የወርቅ ቀለበት አለ። ዙሪያውን በላቲን ተጽፎበታል፦ ሴኒኪያኖስ ሆይ፣ በእግዚአብሔር ኑር። ጸሐፊው አንድ ፊደል ደግሞ ስቷል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ክርስቲያናዊ ምርቃት ነው። ፊቱ ላይ ግን የተቀረጸችው ቬኑስ ናት፣ የፍቅር ጣዖቷ፣ ስሟ ከነፊደሉ! ሰውየው ሌላ ሰው ያሠራውን ቀለበት አግኝቶ ጽሑፉን አስጨመረ? ወይስ ቬኑስና እግዚአብሔር አንድ ጣት ላይ ቢያድሩ አልጨነቀውም?

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ከሲልቼስተር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሊድኒ በሚባል ቦታ፣ ኖደንስ የተባለ አምላክ ቤተ መቅደስ ውስጥ የእርግማን ጽላት ተገኘ። ሲልቪያኖስ የሚባል ሰው ቀለበት ጠፍቶበታል። ከዋጋው ግማሹን ለኖደንስ ተስሏል። ሴኒኪያኖስ የሚባል ስም ካላቸው ሰዎች መካከል ቀለበቱን ወደ ቤተ መቅደሱ እስኪያመጣ ድረስ ጤና የሚባል ነገር አትስጥ ብሎ ረግሟል። ስሙ መግጠሙን ስታዩ ያዘላችሁ አይደል? ሌባውና ቀለበቱ ተገናኙ! ለመቶ ዓመት ገደማ ሰው ሲያወራው የኖረ ጣፋጭ ታሪክ ነው። ችግሩ፣ ሴኒኪያኖስ የሚባል ሰው አንድ ብቻ አልነበረም። ቀለበቱ ደግሞ ከየትኛው ቤት፣ ከየትኛው የአፈር ድርብርብ፣ ከምን ጋር እንደወጣ የመዘገበ ሰው የለም። በሥርዓት ተቆፍሮ ቢሆን ኖሮ አንድ ሳንቲም ወይም አንድ የሸክላ ስባሪ ዘመኑን አጥብቦ ክርክሩን ሊያሳጥረው ይችል ነበር። አሁን ታሪኩ ደስ ይላል፣ ማስረጃው ግን የለም።

ቬኑስንና ክርስቶስን ያጎራበተው እሱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1793 ሮም ውስጥ ከኤስኲሊን ኮረብታ የወጣ የብር የማጌጫ ሣጥን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። ክዳኑ ላይ ቬኑስ ተቀምጣ ትኳኳላለች። ጽሑፉ ግን ሴኩንዱስና ፕሮዬክታ በክርስቶስ ኑሩ ይላል። እመቤቲቱ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረች የሮም ባለጸጋ ናት። ሣጥኗ አምሮባት ነበር፣ አለቀ።

አሁን ወደ ተቃራኒው ልውሰዳችሁ። ጀርመን፣ ፍራንክፈርት። ዛሬ የከተማዋ አካል የሆነው ቦታ በሮማውያን ዘመን ኒዳ የሚባል ከተማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 አርኪዮሎጂስቶች እዚያ አንድ የመቃብር ቦታ ሲቆፍሩ ከአንድ ሰው አጽም አገጭ ሥር 3.5 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የብር ማኅደር አገኙ። በክር አንገቱ ላይ የታሰረች ነበረች። ውስጧ እንደ ወረቀት የሳሳ የብር ቅጠል ተጠቅልሎ ነበር። በእጅ ቢፈቱት ይበጣጠሳል። ስለዚህ ማይንትስ ያለ የምርምር ማዕከል በሲቲ ስካን አንስቶ በኮምፒውተር "ፈታው"። 18 መስመር የላቲን ጽሑፍ ወጣ። ማርኩስ ሾልትስ የተባሉ የፍራንክፈርት ጎተ ዩኒቨርሲቲ ምሁር አነበቡት። የቅዱስ ቲቶ ስም አለ። "ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ" ይላል። ከጳውሎስ የፊልጵስዩስ መልእክት ጉልበት ሁሉ ለኢየሱስ ክርስቶስ ይንበርከክ የሚለው ቃል አለበት።

በአንገት የሚታሰር፣ በውስጡ ጸሎት ያለበት ማኅደር ለኛ ምን ያስተዋውቁናል? ክታብ ነው እንጂ! የኛ በብራና ተጽፎ በቆዳ ይሰፋል፣ የሰውየው በብር ተጽፎ በብር ተከደነ። ልዩነቱ የፍራንክፈርቱ ጽሑፍ ንጹሕ ክርስቲያናዊ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን በነበሩ ክታቦች የተለመደው የአስማትና የአጋንንት ስም ድብልቅ የለበትም። ባለሙያዎቹንም ያስደነቀው ይህ ነው።

ይህች ብር ከአልፕስ ተራሮች በስተ ሰሜን ከተገኙት ሁሉ ጥንታዊዋ የክርስትና ማስረጃ ሆናለች። ዘመኗ እ.ኤ.አ. ከ230 እስከ 270 ባለው ነው። ይህን እንዴት አወቁ? ብሩን አይተው አይደለም። መቃብሩንና አብሮ የተቀበረውን ዕቃ አይተው ነው። ያቺው ማኅደር በብረት መፈለጊያ መሣሪያ ማታ ተቆፍራ በኢንተርኔት ብትሸጥ ኖሮ "የሮማ የብር ጌጥ፣ ቆንጆ ይዞታ" ተብላ የአንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ትገባ ነበር።

በአገራችንም እንዲህ በሥርዓት ተቆፍሮ የወጣ ቀለበት አለ። በትግራይ የሐ አቅራቢያ ቤተ ሰማዕቲ በሚባል የአክሱም ዘመን ከተማ አርኪዮሎጂስቱ ማይክል ሃሮወር የሚመሩት ቡድን ሲቆፍር የአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ ክርስቲያን አገኘ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታተመ። ከዕቃዎቹ መካከል ቀይ ፈርጥ ያለው የወርቅ ቀለበት አለ። አሠራሩ የሮማን ቀለበት ይመስላል፣ የተቀረጸበት ግን የበሬ ራስ ነው። መስቀልና የግዕዝ ጽሑፍ ያለበት ከድንጋይ የተሠራ የአንገት ጌጥም እዚያው ተገኝቷል። በሬው ምን ማለት እንደሆነ ምሁራን ገና ይከራከሩበታል። ግን ከየት እንደወጣ ስለሚታወቅ ክርክሩ መሬት የረገጠ ነው። በነገራችን ላይ በጦርነቱ ጊዜ ከትግራይ የወጡ የሚመስሉ ቅርሶች በኢንተርኔት በርካሽ ሲሸጡ እንደነበር በዜና ሰምተናል። እያንዳንዱ ዕቃ ሲወጣ የቦታውን ምስክርነት እዚያው ጥሎት ነው የሚሄደው።

ወርቅ ዕድሜውን የሚናገር ነገር አይደለም። በካርቦን አይለካም፣ አይዝግም። እውነተኛ የሮማ ዘመን ቀለበት ላይ ባለፈው ሳምንት ዓሣ ቢቀረጽ ለመለየት በጣም ያስቸግራል። ዓሣ ያለበት ደግሞ ከሌለው በብዙ እጥፍ ይሸጣል። ገበያው የሚፈልገውን ምልክት ገበያው ራሱ ያመርተዋል። "የጥንት ክርስቲያን ቀለበት" ብሎ የሚገዛው ምእመን፣ በቅን ልቡና ይሁን እንጂ፣ ይህን ሥራ የሚያስቀጥለው እሱ ነው።

ቅርስ ከመሬቱ ያገኘው አርሶ አደር ካልሸጠው ምን ይብላ የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ ኤሪክ ሎውስ ናቸው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 ሆክስን በሚባል የእንግሊዝ መንደር፣ ለገበሬ ወዳጃቸው የጠፋበትን መዶሻ በብረት መፈለጊያ ሲፈልጉ ወርቅና ብር አጋጠማቸው። ጥቂት አውጥተው ሲያዩ ነገሩ ትልቅ መሆኑ ገባቸው። ቀሪውን አልነኩም። ለባለሥልጣናት አሳወቁ። በማግስቱ አርኪዮሎጂስቶች መጥተው በሥርዓት አወጡት። 14,865 ሳንቲሞች፣ የወርቅ አምባሮችና ሐብሎች፣ የክርስቶስ ምልክት ያለባቸው ማንኪያዎች። ሀብቱ በእንጨት ሣጥን ውስጥ እንዴት ተደርድሮ እንደነበር ሳይቀር ታወቀ። ሽልማቱ 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር፣ ከገበሬው ጋር ተካፈሉት። መዶሻውም ኋላ ተገኝቶ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል።