ማስታወሻውን ተማሪው ራሱ ይያዘው

በሌክቸር ላይ ማስታወሻ መያዝ ሲያዩት ቀላል ቢመስልም ማዳመጥን፣ ዋናውን ሐሳብ መለየትን፣ ማሳጠርንና መጻፍን በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ሥራ ነው። መምህሩ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ቃላት ሲናገር፣ በእጁ የሚጽፍ ተማሪ በሰከንድ አንድ ቃል እንኳ አይሞላለትም። ልዩነቱን የሚያጠብበው የሰማውን ለጥቂት ሰከንዶች በአእምሮው ይዞ እያሳጠረ ነው። ዲስሌክሲያ (የማንበብና ፊደላትን የመለየት ችግር) ያለበት ተማሪ ስለ ፊደሉ ሲጨነቅ፣ ዲስግራፊያ (በእጅ የመጻፍ ችግር) ያለበት ደግሞ እጁ አልታዘዝ ሲለው፣ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ያመልጠዋል። ትምህርቱ ከብዶት ሳይሆን ጊዜ አጥሮት ነው።

የቆየው መፍትሔ የክፍል ጓደኛ ማስታወሻ ነው። ይህ ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም ጓደኛው የሚያውቀውን ነገር ሳይጽፍ ያልፋል፣ ባለጉዳዩም እጁን አጣጥፎ ተመልካች ሆኖ ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ላይቭስክራይብ የተባለው ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው ስማርት ብዕር ከዚህ የተለየ መንገድ ከፈተ። ብዕሩ ድምፅ እየቀዳ፣ ጫፉ ላይ ባለች ካሜራ በወረቀቱ ላይ የታተሙትን ደቃቅ ነጥቦች ስለሚያነብ፣ ተማሪው በኋላ የጻፈውን አንድ ቃል ሲነካ ቃሉ በተጻፈበት ቅጽበት መምህሩ ይሉት የነበረውን መልሶ ያሰማዋል። ዛሬ ይህንኑ በስልክና በላፕቶፕ የሚሠሩ መተግበሪያዎች አሉ። እንደ እኔ እምነት የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ትልቁ ብልጫ፣ ለማስታወሻ የሚገባውን የመምረጡን ሥራ ለተማሪው መተዉ ነው፤ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ብሎ ምልክት ማድረግም የመማር አካል ነውና።

አሁን ተቋማት የሚያዘነብሉት ንግግርን ወደ ጽሑፍ ወደሚለውጥና ራሱ ወደሚያሳጥር ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በጽሑፍ መልክ የወጣ የአንድ ሰዓት ገለጻ ከ7,000 ቃላት ሊበልጥ ይችላል፤ ማንበብ የሚከብደውን ተማሪ ይህን አሸክሞ «ረድተንሃል» ማለት ግራ ያጋባል። የማሳጠሩን ሥራ መሣሪያው ሲወስደው ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ሙያዊ ቃላት ተሳስተው ሲጻፉ፣ ገለጻውን በቅጡ ያልተከታተለ ተማሪ ስህተቱን የሚለይበት መንገድ የለውም። እጁ ጨርሶ ለማይጽፍለት ተማሪ ግን ይኸው ጽሑፍ፣ በተለይም ጮክ ብሎ ከሚያነብ ሶፍትዌር ጋር፣ የግድ ሊሆን ስለሚችል ጨርሶ ይከልከል አልልም።

ከመሣሪያው ምርጫ ይልቅ የሚያሳስበኝ የክፍሉ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በእጅ የጻፉ ተማሪዎች በላፕቶፕ ከጻፉት ይልቅ የጽንሰ ሐሳብ ጥያቄዎችን በተሻለ እንደመለሱ ካሳየ ወዲህ ብዙ መምህራን ላፕቶፕ ለመከልከል ጠቀሱት፤ ጥናቱን የደገሙ ተመራማሪዎች ያንኑ ውጤት በአስተማማኝ ሁኔታ ባያገኙም። ሁሉም ተከልክሎ ለአንዱ ብቻ ሲፈቀድ፣ ያ ተማሪ ችግሩን ለክፍሉ በሙሉ እንዲያውጅ ተገደደ ማለት ነው። መምህራን የገለጻቸው የድምፅ ቅጂ ከክፍል ወጥቶ ይሰራጫል ብለው መስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ለግል ጥናት ብቻ እንዲውል በፊርማ መስማማት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 24 ከፍተኛ ትምህርትንም ጠቅሶ ተመጣጣኝ ማመቻቸት (ለተማሪው ፍላጎት የሚስማማ ማስተካከያ) እንዲደረግ ያዛል። ይህን ግዴታ መሣሪያ አስፈርሞ በማስረከብ ብቻ መወጣት አይቻልም። ምን መቅዳት፣ የት ምልክት ማድረግ፣ መቼ ተመልሶ ማዳመጥ እንደሚገባ የሚያሠለጥን ሰው ያስፈልጋል፤ ሥልጠናውም ፈቃዱም ሊሰጥ የሚገባው ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት ነው።