ይድረስ ለክቡር ዋጋ አልባ ድምፅ

ለክቡር የተቃውሞ ድምፅ መስጫ ወረቀት
የፖሊስና የወንጀል ኮሚሽነር ምርጫ፣ እንግሊዝና ዌልስ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የጻፉትን ማን እንደሚያነበው ማሳወቅን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ የቆጠራ ጠረጴዛ ሰዎች ከናፍቆትዎ በስተቀር በጣም ደህና ነን። ናፍቆቱንም ቢሆን በየምርጫው በላስቲክ ታስረው ሲመጡ እንወጣዋለን።

ለመጻፍ ያነሳሳን ዝናዎ ነው። «ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ» ያለ ሰው ሁሉ ምርጫ ጣቢያ ሄዶ፣ እርስዎን ከላይ እስከ ታች ጫር ጫር አድርጎ፣ መንግሥትን ፊት ለፊት የተናገረ ያህል ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እርስዎም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፈው «ዛሬ ጉድ ይፈላል» እያሉ ይጠብቃሉ። ጉዱ የሚፈላበትን ድስት እናሳይዎ ብለን ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላውም ያነበዋልና አንድ ነገር እናጥራ። በእኛ አፍ ኮሚሽነር ሲባል ትከሻው ላይ ማዕረግ የደረደረ የፖሊስ ሹም ነው። የእርስዎ ባላጋራ ግን መለዮ የሌለው ፖለቲከኛ ነው፤ የፖሊስና የወንጀል ኮሚሽነር ይባላል። በፈረንጅ 2011 የወጣ ሕግ የፈጠረው ሹመት ሲሆን የአካባቢውን የፖሊስ አዛዥ ይሾማል፣ ያሰናብታል፤ የፖሊሱን ዕቅድና በጀት ያወጣል፤ ነዋሪው ለማዘጋጃ ቤት ከሚከፍለው ግብር ላይ ለፖሊስ የሚታከለውን ይወስናል። ሲጀመር ደመወዙ እንደየአካባቢው በዓመት ከ65,000 እስከ 100,000 ፓውንድ ነበር። ለንደን ውስጥ ሥልጣኑ በከንቲባው እጅ ስለሆነ እዚያ የሚኖረው አብዛኛው ወገናችን እርስዎን በአካል አያውቅዎትም። በርሚንግሃምና ካርዲፍ ያለው ግን ያውቅዎታል፤ ያውም የእንግሊዝ ዜግነት ካገኘ ነው። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች የናይጄሪያው ጎረቤቱ በመኖሪያ ፈቃድ ሲመርጥ የእኛ ሰው ፓስፖርቱን ይጠብቃል።

ቅሬታዎ ውሸት ነው አላልንም። ፖሊስ በፓርቲ ካባ ሥር አይግባ ማለት ከባድ ነገር ነው። በ2014 ሮዘርሃም ውስጥ ስለተፈጸመው የሕፃናት ጥቃት ሪፖርት ሲወጣ፣ ቀድሞ በዚያው ከተማ የሕፃናት አገልግሎት ኃላፊ የነበሩት የደቡብ ዮርክሺር ኮሚሽነር ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጀምሮ «ይውረዱ» ቢባሉም ለሳምንታት አልነቃነቅ አሉ። በሕጉ ላይ የሚያወርዳቸው አንቀጽ ስላልነበረ በራሳቸው ጊዜ፣ በራሳቸው ፈቃድ ለቀቁ። ስለዚህ ቂምዎ ይገባናል። የማይገባን ቂሙን ወረቀት ላይ ጽፈው ለእኛ መላክዎ ነው። እኛ ቆጣሪ ነን፤ የሚቆጠር ነገር ስጡን።

እስቲ ከስምዎ እንጀምር። «የተበላሸ ወረቀት» ተብለው ሲጠሩ ደስ ይልዎታል፤ ስሙ ግን የእርስዎ አይደለም። በሕጉ የተበላሸ የሚባለው መራጩ ተሳስቶ ምልክት ሲያደርግ ወይም ሲቀድ ለጣቢያው ኃላፊ መልሶ በምትኩ አዲስ የሚቀበልበት ወረቀት ነው። እሱ ይሰረዛል፣ ለብቻው በፖስታ ይታሸጋል፣ ሣጥን ውስጥም አይገባም። እርስዎ ሣጥን ገብተው፣ ቆጠራ ደርሰው የሚጣሉት ነዎት፤ ስምዎ ዋጋ አልባ ነው። ማዕረግ መቀማቱ ቢከብድዎም ልዩነቱን ይወቁት፤ ሳያስበው ያበላሸ መራጭ ሣጥኑ ደጃፍ ላይ ቢነቃ አዲስ ወረቀት መጠየቅ ይችላልና።

አሁን ወደ ጠረጴዛችን ይምጡ። ሣጥኑ ሲገለበጥ መጀመሪያ የወረቀቱ ብዛት ጣቢያው ከላከው ሒሳብ ጋር ይመሳከራል። በዚህ ደረጃ እርስዎና ጨዋው ወረቀት እኩል ናችሁ፤ አንድ አንድ ናችሁ። ቀጥሎ በየእጩው ሲደረደር እርስዎ «አጠራጣሪ» ወደሚባለው ክምር ይገፋሉ። ከዚያ የምርጫ አስፈጻሚው ሹም በእጩዎቹና በወኪሎቻቸው ፊት አንድ በአንድ ያነሳዎታል። ይህችን «ፊት» የምትል ቃል ይዘው ነው እርስዎ «ፖለቲከኞቹ ሁሉ ያነቡኛል» እያሉ የሚያስወሩት። ወኪሉ አንገቱን ያሰገገው መልእክትዎን ሊያነብ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል፤ የእሱ ሰው ስም አጠገብ ጭረት ካለች ሊለቅማት ነው። ሹሙም ራሱን የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ሰው ማንን መረጠ? መልስ ከሌለ ማህተም፤ ቀጣዩ ይምጣ። አንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ዳስ ውስጥ ቆሞ ስለ ፖሊስ ነፃነት የጻፈው ድርሰት ሁለት ሰከንድ ያገኛል።

ማህተሙም የራሱ መዝገብ አለው፤ አጥብቀው ያንብቡት፣ ዕጣ ፈንታዎ ነው። የመጣያ ምክንያቶቹ አራት ናቸው፦ ሕጋዊው ምልክት የሌለው፤ ከሚፈቀደው በላይ የመረጠ፤ መራጩን የሚያሳውቅ ጽሑፍ ወይም ምልክት ያለበት፤ እና ባዶ ወይም ሐሳቡ ያልታወቀ። «የተቃወመ» የሚል አምስተኛ ተራ የለም። ከላይ እስከ ታች በብስጭት የተሰነጠቁት እርስዎ፣ መነጽራቸውን ረስተው ምንም ያልነኩ አዛውንት ወረቀት፣ የሁለት ዓመት ልጅ በእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ የሞነጫጨረው፣ ሦስታችሁም በአራተኛው ተራ ላይ አንድ ቁጥር ናችሁ። ጀግንነቱ በዝቶበት ስሙን የፈረመው ደግሞ ወደ ሦስተኛው ተራ ይዛወራል። መዝገቡ ላይ ድፍረት የሚባል ነገር የለም፤ የሚመዘገበው «ማንነትን ገለጠ» ተብሎ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ፤ ሳያውቁ ተመራጭ ማድረግ። ሕጉ ምልክቱ የኤክስ ቅርጽ ባይኖረውም፣ ቦታውን ቢስትም፣ ሐሳቡ ግልጽ ከሆነ አይጣልም ይላል። በ2015 ጠቅላላ ምርጫ ዌልስ ውስጥ በሞንትጎመሪሺር አንድ መራጭ ወረቀቱ ላይ በአንዱ እጩ ስም አጠገብ ባለችው ባዶ ሣጥን ውስጥ፣ መስመር ሳይነካ፣ ተጠንቅቆ ነውር ሥዕል ሣለበት። ሥዕሉ የዋለው አንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ ስለነበር ድምፁ ለእጩው ተቆጠረለት፤ እጩውም አሸንፎ ነገሩን ራሱ ለሕዝብ አወራው። ስድቡም ድምፅ ሆኖ አረፈ። እንደዚሁ አንድ ቦታ ኤክስ አድርጎ ከታች «ይህ ሹመት ይቅር» ብሎ የሚጽፍ ሰው ድምፁ ይቆጠራል፤ ጽሑፉን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

በፖስታ የሚመጡት እርስዎ ደግሞ የባሰ የዋህ ነዎት። ከወረቀቱ ጋር የትውልድ ቀንና ፊርማ የሚሞላበት ቅጽ አለ። ተቃዋሚው «እነሱን ብዬ ፊርማ!» ብሎ ባዶውን ሲልከው፣ ወይም የትውልድ ቀኑ ሣጥን ውስጥ የዛሬን ቀን ሲጽፍበት፣ ፖስታው ያኔውኑ ውድቅ ይሆናል። እርስዎም ከነጽሑፍዎ ቆጠራው ላይ አይደርሱም፤ ከዋጋ አልባዎቹ ጋር እንኳ አይደመሩም። በአካል ልሂድ ካሉም ከ2024 ወዲህ መታወቂያ አለ። ወረቀት ለማበላሸት ፓስፖርት ወይም መንጃ ፈቃድ ያዙ፤ የሌለው ነፃውን የመራጭ ማረጋገጫ ከምርጫው 6 የሥራ ቀን በፊት፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ሳያልፍ ያመልክት። ሰውን «አልመርጥም» ለማለት ይህን ያህል ሰልፍ ያስያዘ አገር አይተን አናውቅም።

ሒሳቡንም እንይ፤ የእኛ ሙያ እሱ ነውና። የኮሚሽነር እጩ 5,000 ፓውንድ ያስይዛል፤ ከድምፁ ከ5 በመቶ በላይ ካገኘ ይመለስለታል። 5 በመቶው የሚሰላው ግን ዋጋ ካላቸው ድምፆች ነው። ከ100,000 ወረቀት 3,000ው እርስዎ ቢሆኑ መስመሩ ከ5,000 ወደ 4,850 ይወርዳል። አስጠላኝ ብለው የሸሹትን እጩ የ150 ድምፅ ቅናሽ ሰጡት ማለት ነው። ይህችን ያህል ውለታ እናቱም አልዋለችለት።

«2012ን ረሳችሁት?» ይሉን ይሆናል። እንዴት ተደርጎ! ኖቬምበር 15፣ ብርድና ጨለማ፣ 41 የፖሊስ አካባቢዎች፣ መንግሥት ለእጩዎች ነፃ የፖስታ መላኪያ ስላልሰጠ ማን እንደሚወዳደር የማያውቅ ሕዝብ። ከተመዝጋቢው 15 በመቶ ገደማ ብቻ ወጣ። ከወጣውም መካከል ወደ 3 በመቶ የሚጠጋው ዋጋ አልባ ሆነ፤ ለዚህች አገር ብዙ ነው፤ ዝናዎም ከዚያ ይመነጫል። ግን ያካፍሉት፦ ከ1,000 ተመዝጋቢ 4 ወይም 5 ሰው ነው። 850ው ሶፋው ላይ ነበር። ያን ዕለት አገር ያስደነገጠው በኒውፖርት ቤቱስ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ውሎ አንድም ሰው ያልገባበት ምርጫ ጣቢያ ነው። በ2014ም የዌስት ሚድላንድስ ማሟያ ምርጫ ነሐሴ ላይ ሲደረግ፣ የበርሚንግሃሙ ወገናችንም ያለበት ማለት ነው፣ የወጣው ከ10 ሰው 1 ገደማ ብቻ ነበር። የሚወራው ስለ ቀረው ነው፤ ስለ እርስዎ አይደለም።

ደግሞ ያ 3 በመቶ ሁሉ የእርስዎ ወገን ነው ያለው ማን ነው? ያኔ ወረቀቱ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ አንዱ ለመጀመሪያ ምርጫ፣ አንዱ ለሁለተኛ። በመጀመሪያው ዓምድ ሁለት ኤክስ ያደረገ ተጣለ፤ ሁለተኛውን ብቻ የሞላም ተጣለ። እነዚህ ሰዎች መምረጥ ፈልገው ነበር። ዋናው ቅሌት ግን ለንደን ውስጥ በ2021 የታየው ነው። ለከንቲባነት 20 እጩ ሲቀርብ ስማቸው በሁለት ረድፍ ተከፍሎ ታተመ፤ ሕዝቡም «ከየረድፉ አንድ አንድ» መስሎት ሁለት ቦታ መረጠ። ከ114 ሺህ በላይ ወረቀት ዋጋ አጣ። አብዛኛውን ያበላሸው ተቃዋሚ አይደለም፤ ማተሚያ ቤት የገባ ንድፍ ነው። ከ2024 ጀምሮ ወረቀቱ አንድ ዓምድ፣ አንድ ኤክስ ሆኗል፤ መሸሸጊያዎ ጠበበ ማለት ነው።

ክቡርነትዎ፣ ሰሞኑን ድል አድርጌያለሁ እያሉ እንደሚፎክሩም ሰምተናል። እውነት ነው፤ በኖቬምበር 2025 መንግሥት ሹመቱ በሜይ 2028 ዘመኑ ሲያልቅ እንደሚቀር አስታውቋል። ሥራው ከንቲባ ባለበት ለከንቲባ፣ በሌለበት ለአካባቢ ምክር ቤት መሪዎች ቦርድ ይተላለፋል። ከተነሱት ምክንያቶች አንዱ አብዛኛው ሰው የኮሚሽነሩን ስም እንኳ አያውቅም የሚል ነው። ልብ ይበሉ፤ ሹመቱን የጎዳው አለመታወቁ ነው። እርስዎ ግን ያውቁት ነበር፤ ያውም ሰድበውታል። ወዳጁ እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

እስከ 2028 ድረስ እጅዎ ካላረፈ አንድ አድራሻ እንጠቁምዎ። በየአካባቢው የፖሊስና የወንጀል ፓነል የሚባል የምክር ቤት አባላት ስብስብ አለ፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው። ኮሚሽነሩ በየዓመቱ መጀመሪያ የግብሩን ጭማሪ ይዞ ሲቀርብ፣ ፓነሉ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊመልሰው ይችላል። አዲስ ሊሾም የታሰበውን የፖሊስ አዛዥም እንዲሁ። እዚያ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ችግሩ አዳራሹ ውስጥ የሚጠጣው ሻይ የቀዘቀዘ፣ ወንበሩም የሚቆረቁር መሆኑ ነው፤ እርሳስ ከመጫር ይከብዳል።

ለአሁኑ ግን ከሌሎቹ ጋር በጥቅል ታሽገው ለአንድ ዓመት ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ይወገዳሉ። በጥቅሉ ውስጥ ጎረቤትዎ የሁለት ዓመቱ ልጅ የሞነጫጨረው ወረቀት ነው፤ ተስማምታችሁ ኑሩ።

ከሰላምታ ጋር፣
የቆጠራ ጠረጴዛ ሰዎች

ግልባጭ፦
ለዳሱ እርሳስ (በክር እንደታሰረ)
ለአራተኛው ተራ፣ ባዶ ወይም ሐሳቡ ያልታወቀ
ለቤቱስ ምርጫ ጣቢያ ባዶ ሣጥን፣ ከአክብሮት ጋር