እርማት፦ የኦዞን ቀዳዳ «በራሱ ጊዜ» አልዳነም

«ስለ ኦዞን ያን ሁሉ ተጮኸ፣ በራሱ ጊዜ ዳነ፤ የሰው ልጅ መቼ ችግር ፈትቶ ያውቃል?» ለሚለው አስተያየት። ኦዞን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለን የላይኛው አየር ጋዝ ነው፤ ቀዳዳ የሚባለውም እሱ በጣም የሳሳበት ቦታ ነው። ሲጀመር ቀዳዳው ገና አልዳነም። የአንታርክቲካው ቀዳዳ ዛሬም በየዓመቱ መስከረም ላይ ይሰፋል፤ ወደ 1980 ደረጃው ይመለሳል ተብሎ የሚጠበቀው በ2066 ገደማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.)። ኦዞንን ከሚያሳሱት ሲኤፍሲ የተባሉ ሰው ሠራሽ ጋዞች አንዱ፣ የድሮ ፍሪጆች ጋዝ የነበረው ሲኤፍሲ-12፣ አየር ላይ በአማካይ 100 ዓመት ያህል ይቆያላ!

መሻሻሉን ያመጣው የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ነው። እሱም ቢሆን መጀመሪያ ያዘዘው ዋና ዋናዎቹን ሲኤፍሲዎች በግማሽ መቀነስ ብቻ ነበር፤ በዚያ ቢቆም ኖሮ ኦዞንን የሚያጠፋው የሲኤፍሲዎቹ ክሎሪን አየር ላይ መከማቸቱን ይቀጥል ነበር። ቁም ነገሩ ያለው ከዚያ በኋላ በተደረገው ማጥበቅ ላይ ነው፦ በ1990 ለንደን ላይ ሙሉ በሙሉ ለማስቆም ተወሰነ፣ ለታዳጊ አገሮች ወጪ የሚሸፍን ፈንድም ተቋቋመ፤ በ1992 ኮፐንሃገን ላይ ጊዜው አጠረ። ቀድሞ የታገደው የሲኤፍሲ-11 ልቀት መጨመሩ በ2018 በአየር ልኬት ተደረሰበት፤ ብዙው ከምሥራቅ ቻይና መሆኑ ታወቀና ልቀቱ ወዲያው ቀነሰ።

ይህን ይዞ «ምድርን የሚያሞቀው የካርቦን ልቀትም እንዲሁ ይፈታል» ማለት ግን ሌላ ስህተት ነው። ሲኤፍሲን የሚያመርቱት ጥቂት ኩባንያዎች ነበሩ፤ ነዳጅ የማያቃጥል ዘርፍ ግን የለም ማለት ይቻላል።