ያዘለችና የታዘለች

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከሥራ እስክመለስ ልጄ የምትውለው በመኖሪያ ቤታቸው ፈቃድ አውጥተው ሕፃናት ከሚጠብቁ አንዲት የአገራችን ሴት ዘንድ ነው። እትዬ የምላቸው እኚህ እናት ገጠር ጎጃም ውስጥ ከሰባት ልጆች የበኩር ሆነው በመወለዳቸው፣ እናታቸው ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ታናናሾቻቸውን በአንቀልባ አዝለው ነው ያሳደጉት። ሥልጠናውን ጨርሰው የምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ቢሰቅሉም፣ ሕፃን ሲያለቅስ ከሰሙ ወዲያው ጎንበስ ብለው ጀርባቸውን ያመቻቻሉ።

የምታግዛቸው ወጣት ግን አዲስ አበባ በሞግዚት እጅ ያደገች ስትሆን፣ ልጅን እቅፍ ማስለመድ አትወድም። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «አንዷን ስለምዳት ትሄድና ሌላ ትመጣ ነበር» አለችኝ። ሰው ጨካኝ ሊላት ይችላል፤ እኔ ግን ልጁን ከራሷ የልጅነት ለቅሶ ልታድነው የምትሞክር ይመስለኛል።

በእንቅልፍ ጉዳይ ሕጉ ለሁለቱም አያወላዳም፤ ሕፃን ያለ ትራስና ያለ ብርድ ልብስ፣ ለብቻው፣ በጀርባው ይተኛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በጀርባ ማስተኛትን እ.ኤ.አ. በ1992 መምከር ከጀመረና በ1994 አገር አቀፍ ቅስቀሳ ከተካሄደ በኋላ፣ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። እትዬ ይህን ስለሚያውቁ ትእዛዙን አይጥሱም፤ «ብቻውን ሲተኛ አይባንንም?» እያሉ ግን ወንበራቸውን ከአልጋው አጠገብ ስበው በለሆሳስ እሹሩሩ ይላሉ።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ እናት ከወለደች በኋላ 90 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1993ቱ የፌዴራል ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ግን ክፍያ የለውም፣ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የምትሠራውንም አይመለከትም። በዚህ በኩል አገራችን እንደምትሻል ለጓደኞቼ ስነግራቸው አያምኑኝም። ፈቃዱ ሲያልቅ ግን አያት ከሌለች ልጁ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ከገጠር ለመጣች፣ ራሷም ልጅ ሳለች ልጅ አዝላ ላደገች ወጣት ነው። ዋስ እንዳላትና ወጥ መሥራት እንደምትችል ትጠየቃለች፤ እዚህ ደግሞ አሻራና የጤና ምርመራ ይጠየቃል። ማን እንዳሳደጋት የሚጠይቃት ግን እዚያም እዚህም የለም።

እኔም ብሆን ጥያቄውን ለእትዬ ያነሣሁት ከስንት ወር በኋላ ነው። «እርስዎንስ ማን አዘለዎት?»

«እኔንማ ማን ያዝለኛል ልጄ፣ የመጀመሪያ ነኛ!» ብለው ሳቁና የልጄን የወለቀ ካልሲ መልሰው አጠለቁላት።