ወተቱ ሲሞላ አባትየው ሥራ ገብቷል

የዘንድሮው የጡት ማጥባት ሳምንት በሚከበርበት ሰሞን አንድ የሕፃናት አመጋገብ ባለሙያ በሬዲዮ ቀርበው የተናገሩት ነገር ብዙ እናቶችን አስቆጥቷል፤ እኔንም እንዲሁ። እንደ እሳቸው አባባል የዛሬ እናት ማጥባት የሚከብዳት ፈቃዱ ስለሌላት፣ ሌሊት መነሣት ስለሚያታክታትና ጡጦ ስለሚቀላት ነው፤ እናቶቻችን ግን አማካሪ ሳይሹ ሰባትና ስምንት ልጅ አጥብተው አሳድገዋል። አዘጋጁም አንድ ጥያቄ እንኳን ሳያነሣ ወደ ማስታወቂያ ተሻገረ። ያንን ንግግር በቆሰለ ጡት ላይ ሕፃን ታቅፈው ያዳመጡ አራሶች እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ ስለዚህ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም።

እናቶቻችን አማካሪ አልነበራቸውም የሚለው ፍጹም ሐሰት ነው። የቀድሞዋ አራስ እናቷ፣ አክስቷና ጎረቤቶቿ እየተፈራረቁ የሚያድሩላት፣ ገንፎውና አጥሚቱ አልጋዋ ድረስ የሚመጣላት፣ ሕፃኑ ጡት አልይዝ ሲል ደግሞ ብዙ ልጅ ያሳደገ እጅ አንሥቶ የሚያስይዝላት ሴት ነበረች። አርባውም ሆነ ሰማንያው ቀን ሞልቶ ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ብቻዋን የምታድርበት ሌሊት አልነበረም ማለት ይቻላል። ይህ ምክር ካልሆነ ምክር የሚባለው ምንድን ነው? የዛሬዋ አራስ የምትኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እናቷ ክፍለ አገር ናቸው፣ የጎረቤቷን ስም አታውቅም፣ ሊጠይቃት የሚመጣውም ዘመድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ከመምሸቱ በፊት ይሄዳል። በዙሪያዋ የነበረውን ሰው ሁሉ አንሥተንባት ስታበቃ እናትሽ ችላው ነበር ብሎ መውቀስ ግፍ ነው።

ደግሞም ያለፈው ዘመን እንደሚወራለት አልነበረም። በብዙ አካባቢ እንገሩ እንደ ቆሻሻ ታልቦ ይደፋ፣ ሕፃኑም ጡት ከመያዙ በፊት ቅቤ ይውጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 97ቱ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ እንደነበር አሳይቷል። ሁሉም በጡት ችግር ሞቱ አልልም፤ ነገር ግን ያደጉትን ብቻ ቆጥሮ እናቶቻችን ያለ ችግር ተወጥተውታል ማለት የቀበሯቸውን ልጆች መርሳት ነው።

ፈቃድ የላቸውም ለሚለውም መልሱ በጤና ሚኒስቴር መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። የ2011 ዓ.ም. አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው 72 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በተወለዱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ጀምረዋል፤ ከ6 ወር በታች ካሉት ውስጥ ግን ጡት ብቻ የሚጠቡት 59 በመቶ ናቸው። ምጡ ሳይለቃት ልጇን ጡቷ ላይ ያደረገች ሴት ፈቃድ አንሷት ነው የተወችው? በመካከል አንድ ነገር እየተሰበረ ነው፤ የሚሰበረውም በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ነው።

ታናሽ እኅቴ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ቤቷ በገባች ሰሞን አብሬያት አድሬ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሕፃኑ የጡቷን ጫፍ ብቻ ይዞ ሲስብ የነጠላዋን ጠርዝ በጥርሷ ነክሳ ትንፋሿን ትይዝ ነበር፤ ሲለቃት ጫፉ ተጨፍልቆና ተሰንጥቆ፣ ደም ቋጥሮ ይታያል፤ ልጁ ደግሞ ሳይጠግብ እንደገና ያለቅሳል። ሲነጋ አንዲት አዋላጅ ነርስ የሆነች ጎረቤት መጣች። ሕፃኑን ከጭንቅላቱ ሳይሆን ከትከሻው ደገፈችው፤ ሆዱን ከእናቱ ሆድ ጋር አጋጠመች፤ አፉን በሰፊው እስኪከፍት ታግሣ ጠበቀችና አገጩ ጡቱን እንዲነካ አድርጋ አስጠጋችው። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፤ ከጫፉ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለ ገላ አብዛኛው አፉ ውስጥ ገባ፤ ወዲያውም ሲውጥ ድምፁ ይሰማን ጀመር። «አይዞሽ እኅቴ፣ አያያዙ ነው እንጂ አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አለቻት። በወለደችበት የጤና ተቋም ይህን ያሳያት፣ ስታጠባም ቆሞ ያያት አንድም ሰው አልነበረም። የሚያሳዝነኝ ደግሞ እኅቴ ዕድለኛ መሆኗ ነው፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት ያላት አራስ ስንቷ ናት?

ስለ ሌሊት የሚናገር ሰው ወተት እንዴት እንደሚመረት በቅድሚያ ማወቅ አለበት። ጡት የሚያመነጨው በተጠባው መጠን ነው፤ ካልተጠባ ይቀንሳል። ፕሮላክቲን የሚባለው ወተት አመንጪ ሆርሞን የሚበዛው በሌሊት ነው፤ አራስ ሕፃን ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሌሊት ማጥባት እናትየዋ ስትበረታ የምታደርገው፣ ስትደክም የምትተወው ነገር አይደለም። ይህ ተዘንግቶ አንድ ቸር ዘመድ «ዛሬ እንኳን ትተኛበት» ብሎ ለሕፃኑ የዱቄት ወተት በጡጦ ሲሰጠው፣ ያልተጠባው ጡት ተወጥሮ ያድራል፤ ጠዋት ልጁ የተወጠረውን ጡት መያዝ ያቅተዋል፤ ጡቱ ሊቆጣ፣ እሷም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሊላት ይችላል። ይህ ለጥቂት ሌሊቶች ሲደጋገም ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ጡጦውን የሰጡት ሰዎች ራሳቸው ወተቷ ነጠፈ ብለው ይፈርዱባታል። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያም በላይ የሚሸና፣ ክብደቱም እየጨመረ የሚሄድ ሕፃን ወተት እንዳልጎደለበት የነገራት የለም።

«ያላለቀሰ ልጅ ጡት አያገኝም» እየተባልን ስላደግን ለቅሶውን እንጠብቃለን፤ ለቅሶ ግን የረኃብ የመጨረሻው ምልክት ነው። ከዚያ በፊት ሕፃኑ ከንፈሩን ይልሳል፣ ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ ጡጫውን ወደ አፉ ይወስዳል፤ አልቅሶ የተቆጣ ልጅ ጡት ለማስያዝ ያስቸግራልና ይህን በጊዜ ማየት ሌሊቱን ያቀለዋል። በጨለማ ማን ይየው? ቀኑን ሙሉ ስታጠባ የዋለችና ለአንድ ሰዓት ብቻ ያሸለበች ሴት? ሌሊት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ማጥባቱ የእሷ ነው፤ ልጁን ከመኝታው አንሥቶ ማቀበል፣ ጀርባዋን በትራስ መደገፍ፣ ውኃ መስጠት፣ ጠጥቶ ሲጨርስ በትከሻ ላይ አድርጎ ማስገሳት፣ ሽንት ጨርቁን መቀየርና መልሶ ማስተኛት ግን ጡት አይጠይቅም። ይህን ሊያደርግ የሚገባው ሰው አጠገቧ ተኝቷል፤ ነግቶ ሥራ ስለሚገባም አይቀሰቀስም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀናት ፈቃድ ታገኛለች፤ አባትየው የሚያገኘው ሦስት ተከታታይ ቀናት ነው። ሦስት ቀን! ወተቱ በብዛት የሚመጣው በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ነው፤ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ወይም በቀዶ ሕክምና ሲወለድ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ጡቱ የሚወጠረው፣ ጫፉ የሚሰነጠቀው፣ ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ የሚነሣው፣ እናትየዋም ያለ ምክንያት እንባዋ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ሕጉ አባትየውን ነገሩ ገና ሳይጀመር ቤት አስቀምጦ፣ ሲጀመር ወደ ሥራ ይጠራዋል። በሬዲዮ ሰነፍ ተብላ የተወቀሰችው ግን እሷ ናት። ወተት ከጡት እንዲወርድ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ሕመምና ጭንቀት እንደሚያዘገዩት ባለሙያው ሳያውቁት አይቀሩም፤ ያወረዱባት ወቀሳ ራሱ ሌሊቷን እንደሚያከብደው ግን አላሰቡበትም።

በሕክምና ምክንያት ማጥባት የማይችሉ እናቶች አሉ፤ ለእነሱ የዱቄት ወተት በሐኪም ምክር መሰጠቱ ተገቢ ነው፣ ወቀሳም አይገባቸውም። የቀሩት አብዛኞቹ የሚያስፈልጋቸው በመጀመሪያው ሳምንት ልጁን ጡት የሚያስይዝላቸው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እናትና ልጅ ቢያንስ ለ24 ሰዓት በጤና ተቋም እንዲቆዩ፣ ከዚያም ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜና በሁለተኛው ሳምንት እንደገና እንዲታዩ ይመክራል። በዚያው በ2011ዱ ጥናት ግን በወለደች በሁለት ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኘችው እናት 34 በመቶ ብቻ ናት። አንዲት አዋላጅ ሕፃኑ ጠብቶ እስኪጨርስ ቆማ ሳታይ የትኛዋም እናት ከተቋሙ መውጣት የለባትም፤ ለዚህ አዲስ ማሽን አያስፈልግም፣ ከውጭ የሚገዛ ዕቃም የለም።

አሠሪዎች የአባትነት ፈቃድ ቢረዝም ኪሣራ ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። ሌሊቱን በሕፃን ለቅሶ ያነጋ ሾፌር ጠዋት መሪ ሲይዝ፣ እንቅልፍ ያጣ ሠራተኛ ማሽን ፊት ሲቆም የሚደርሰውን ኪሣራ ግን ማንም አስልቶ አላሳየንም። ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ክብደት ይቀንሳል፤ ወደ ተወለደበት ክብደት የሚመለሰውም ብዙውን ጊዜ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ማጥባቱ መስመር መያዙና አለመያዙ የሚታወቀው ያኔ ስለሆነ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዋጁ ውስጥ ሦስት የሚለውን ቁጥር አሥራ አራት ያድርገው።