«መንገዱ ደህና ነው» ያላችሁኝ ሰዎች

ከስሜን ተራሮች ከተመለስኩ ሦስት ቀን ሆነኝ። ጫማዬ አሁንም አልደረቀም። ንዴቴም አልበረደም።

ከጎንደር እስከ ተራሮቹ መግቢያ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእኛ ጓሯችን ማለት ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሳንካበር ካምፕ አድረን ወደ ቀጣዩ ካምፕ ወደ ግጭ በእግር ልንወጣ አሰብን። ጉዞውን ላዘጋጀልን ሰው ሁለት ጊዜ ደወልኩ። «በነሐሴ መንገዱ እንዴት ነው?» አልኩት። «ኧረ ችግር የለውም፣ ትንሽ ጭቃ ቢኖር ነው» አለኝ። እኔም ቡሄ ካለ የለም ክረምት ብዬ አመንኩት።

ግጭ እኮ 3,600 ሜትር ነው! እዚያ ከፍታ ላይ ክረምቱ በቡሄ አይወጣም። ጠዋት ጉሙ ወርዶ ከፊቴ ያለውን ጓደኛዬን ማየት አቃተኝ፤ በአንድ በኩል ደግሞ ገደል ነው። ጂንባር ወንዝ ስንደርስ ውሃው ደፍርሶ ይጋልባል። ባለበቅሎው በዱላው ጥልቀቱን ለካና እጄን ይዞ አሻገረኝ። ከጉልበቴ በላይ ነበር። ትንሽ ጭቃ የተባለው ይሄ ነው?

ከወንዙ ማዶ ያለው ዳገት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። በቅሎዋ እስከ ሆዷ ማጥ ውስጥ ገባች። ጭነቱን አውርደን፣ አንዱ ጭራዋን አንዱ ልጓሟን ይዞ፣ በስንት መከራ ወጣች። እግሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አንጀቴን በላችኝ።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን መንገዱ ራሱ ነው። አንድ የነበረው መንገድ አራት አምስት ሆኗል። መሃሉ ማጥ ሲሆን ሰውም በቅሎም በጎን ጓሳውን እየረገጠ ያልፋል። ብዙም ሳይቆይ ጎኑም ማጥ ይሆናል። ሣሩ ካለቀ አፈሩን የሚይዘው የለም፣ ጎርፉ ጠርጎት ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ ተቦርቡሮ ወገቤ ድረስ ዋጠኝ። ጠርዙ ላይ የአንድ ጅባራ ሥር አፈሩ ተጠርጎለት ራቁቱን ተንጠልጥሏል። እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ይሄ ቦታ እኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው! በ1996 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገብቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ቦይ መቁረጥና ድጡ ላይ ድንጋይ መንጠፍ ይሄን ያህል ከባድ ነው? ሥራ የሚፈልግ ስንት ወጣት አለ ደባርቅ ላይ!

መረጃውም ቢሆን አልጠፋም። ስካውቶቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) እና ባለበቅሎዎቹ ሲወጡ ሲወርዱ ነው የሚውሉት። ደባርቅ ላይ አንድ ሰሌዳ ሰቅሎ «ዛሬ ጂንባር ሞልቷል፣ የግጭ ዳገት ማጥ ነው» ብሎ በጠመኔ መጻፍ ስንት ብር ይፈጃል? ባለበቅሎውን «ለምን አልነገራችሁንም?» ስለው ቀና ብሎ አየኝና «ልጄ፣ እኛን ማን ጠየቀን?» አለኝ። መልስ አጣሁለት። ስልክ ቁጥሩን ተቀበልኩት።

ትናንት የእህቴ ልጅ ለእንቁጣጣሽ ልትወጣ ብላ ለዚያው ሰውዬ ደውላ ነበር። «መንገዱ ደህና ነው» አላት። እኔ ለባለበቅሎው ደወልኩ። «ውሃው አልጎደለም። መስቀል ይለፍና ትምጣ፣ እኔ ራሴ አሻግራታለሁ» አለኝ።